ለዒድ ያቆየሁት ቀሪቦ

ባለፈው ክረምት ግቢያችን አዲስ ተከራይ ገባች። ከጎጃም ወደ ከሚሴ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ፍራሿንና ባልዲዋን ከባጃጅ አውርዳ ከጨረሰች በኋላ ደጃፌ ላይ መጥታ ቆመች። የሻሿን ጫፍ እያፍተለተለች፣ "እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ቢራ መጠጣት ነውር ነው?" አለችኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቱ ክው አለች፤ ያስቀየመችኝ መስሏታል። "አይዞሽ፣ በአንቺ አይደለም የምስቀው" አልኳት። እውነቴን ነው፣ የሳቅኩት በራሴ ነው። በዚህ ከተማ ስለ መጠጥ ሕግ እንደ እኔ ከፍላ የተማረች ሴት ያለች አይመስለኝም።

ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። "ማንም አያስርሽም። አስፋልቱ ዳር ያሉት ሆቴሎች የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ በጠራራ ፀሐይ የሚጠጣባቸው ናቸው። ግቢ ውስጥ ግን ሰው ይሰግዳል። ጠርሙሱን በጥቁር ፌስታል ይዘሽ ግቢ፣ ባዶውንም በጥቁር ፌስታል ይዘሽ ውጪ። ደጃፍሽ ላይ አታቁሚው። የግቢውን ልጆች ጠርሙስ መልሱልኝ ብለሽ አትላኪ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ቤትሽ ውስጥም ቢሆን ቀኑን ተይው።"

"ይኼ ሁሉ ሕግ ነው?" አለች፣ ዓይኗ ፈጦ።

"ሕግስ አይደለም። ብትጥሺው ማንም አይከስሽም። ሰላምታ ነው የምታጪው።"

አመስግናኝ ሄደች። ብልህ ልጅ ናት፤ ሳትሳሳት ጠየቀች። እኔ ያንን ጥያቄ በሰው አገር ባለመጠየቄ ከዓረብ አገር የተመለስኩት በእስር ቤት በኩል ነው። ለዚያውም በመጠጥ! ቢራ የሸተተኝ እንደሆነ መንገድ የምቀይር ሴት፣ የጨፋ ገበሬ ልጅ፣ አምስት ወቅት ሰግጄ የማድር! ወይ ጉድ፣ እስካሁን ስናገረው ለራሴ አይዋጥልኝም።

የታሰርኩት በቀሪቦ ነው። ለማያውቀው ልንገር፤ ቀሪቦ የእኛ የወሎ ሙስሊሞች መጠጥ ነው። ገብስ ጠቆር እስኪል ይቆላል፣ ይፈላል፣ በጨርቅ ይጠለላል፣ ሲበርድ ስኳርና ትንሽ እርሾ ይገባበትና ተከድኖ ያድራል። በማግስቱ ጣፋጭ ሆኖ፣ አፍ ላይ ጭስስ የሚል ነገር ይወጣዋል። ሰርጉም፣ ዱዓውም፣ ዒዱም ያለ እሱ አይሆንም። ሸሆቹ ይጠጡታል፣ ሕፃን ይጠጣዋል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ እኛ ቀሪቦ እንጠምቃለን፤ ይኼ ሐራም ያ ሐላል ብለን ተለያይተን፣ በሌላው ሁሉ ግን አብረን ኖረናል።

እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ለቀሪቦ አንድ ደንብ ነበራት። ማታ ተጠመቀ፣ ነገ ተጠጣ፣ አለቀ። ሁለተኛ ሌሊት አያድርም። ከተረፈ ወስዳ ጓሮ ትደፋዋለች። እኛ ልጆቿ እያለቀስን፣ "እማ፣ ስኳሩ አያሳዝንሽም?" እንላታለን። እሷ እቴ! "ሲሰነብት ሌላ ነገር ይሆናል" ብላ ግልብጥ አድርጋ ትደፋዋለች። እኔ ይኼንን የባልትና ነገር አድርጌ ነው የያዝኩት፤ ሽሮ እንዳይሻግት እንደምንጠነቀቀው ዓይነት። ሕግ መሆኑ አልገባኝም ነበር።

ዓረብ አገር የገባሁበት ቤት ክፉ ቤት አልነበረም። ማዳም ትጮሃለች እንጂ አትማታም። ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ከፍሪጅ የሚያወጡት በቆርቆሮ የታሸገ የገብስ መጠጥ አለ፤ አልኮል የሌለው ነው ተብሎ በየሱቁ ይሸጣል። አንድ ቀን ታናሽየዋ አቀመሰችኝ። ገብስ፣ ስኳር፣ ጭስስ የሚል ነገር። "ይኼማ የእኛው ቀሪቦ ነው፣ ቆርቆሮ ለብሶ ነው እንጂ!" አልኩ በሆዴ። የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። ልጆቻቸው የሚጠጡትን እኔ በእጄ ብሠራው ምን አለበት አልኩ። ፋብሪካ ሲሠራውና የቤት ሠራተኛ በጓዳ ስትሠራው በሕግ ፊት ሁለት ነገር መሆኑን ማን ነግሮኝ!

በዚያ ዓመት ለዕረፍት ከሚሴ ደርሳ የተመለሰች አንዲት የሰፈራችን ልጅ ከእናቴ አንድ ከረጢት የተቆላ ገብስ አመጣችልኝ። "ለዒድሽ ጠምቂበት፣ ጭር እንዳይልሽ ብላለች" አለችኝ። ገብሱ በመጣ በወሩ እናቴ ሞተች። እኔ ቀብሯን አላየሁም። ለቅሶ የተቀመጥኩት በማዳም ማብሰያ ቤት ነው፤ ሰሐን እያጠብኩ። ያንን ከረጢት ትራሴ ሥር አስቀምጬ አንዳንዴ እየፈታሁ አሸተው ነበር። የእሷ እጅ የነካው የመጨረሻ ነገር እሱ ነበር ለእኔ።

ረመዳን ሃያ ዘጠኝ ሲሆን ሁሉም ሰው ነገ ዒድ ነው አለ። ማዳም ጣፋጩን ደርድራለች፣ የልጆቹ ልብስ ተተኩሷል። እኔም ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊል ሲል ገብሱን አፍልቼ፣ ጠልዬ፣ ስኳርና እርሾ ጨምሬ፣ በአንድ ትልቅ የውሃ ጄሪካን ሞላሁና ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ከማብሰያ ቤቱ አጠገብ ካለችው ዕቃ ቤት አስቀመጥኩ። ነገ ከዒድ ሶላት በኋላ አንድ ብርጭቆ ለእኔ፣ አንድ ብርጭቆ ደግሞ ለማዳም አማት፤ "የአገሬ መጠጥ ነው" ብዬ ላቀምሳቸው። እዩት ሞኝነቴን! ለማስቀመስ ሁሉ አስቤያለሁ።

ጨረቃ አልታየችም። ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ ሳለ ነገም ፆም ነው ተባለ። ልጆቹ አለቀሱ። እኔ ደግሞ ስለ ጄሪካኑ አሰብኩ። አገሬ ብሆን ይኼኔ ችግር የለም፤ ለፆም መፍቻው ለፍጡር ይጠጣል፣ ለጎረቤት ይታደላል። እዚያ ግን ነገ ቀኑን ሙሉ ፆም ነው፣ ማታውንም ለቤቱ ሰው ስሠራ አመሻለሁ፤ ለዒድ ጧት ደግሞ ሁለተኛ ሌሊቱ ይሆናል። የእናቴ ደንብ ትዝ አለኝ፤ ልደፋው እጄን ዘርግቼም ነበር። ግን የማንን ገብስ ነው የምደፋው? ያለኝ ያው ብቻ ነው። እሷ ደግማ አትቆላልኝም። "አንድ ቀን ቢጨምር ምን ይሆናል፣ ይቆይ" ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ በዓስር ሶላት ገደማ፣ ሙቀቱ ዕቃ ቤቷን እንደ ምድጃ አድርጓት፣ ጄሪካኑ ፈነዳ። ጎማ የፈነዳ ነው የመሰለው። አረፋው ጣሪያ ነካ፣ ግድግዳው ላይ ወረደ፣ ሽታው ማብሰያ ቤቱን ሞላው። የማዳም አማት እየሮጡ መጡ፣ አንዴ አሸተቱና፣ "ኸምር! በቤቴ ኸምር! በረመዳን!" ብለው ጮሁ። ኸምር ማለት የሚያሰክር መጠጥ መሆኑን ለማወቅ ከቁርኣን ቤት ያለፈ ዓረብኛ አያስፈልገኝም።

የቤቱ ጌታ ክፉ ሰው አልነበረም። ፊቱ ግን ነጭ ሆነ። "አንቺን መጥፎ ሴት ናት አልልም፤ ግን ጎረቤት ቢጠቁም ቤቱ የእኔ ነው፣ እኔም አልተርፍም" አለና ስልኩን አነሳ። ፖሊሶቹ እስኪመጡ ድረስ ዓይኔን ማየት አልቻለም። እኔም አልፈረድኩበትም፣ ፈሪ ሰው ምን ያድርግ።

ጣቢያው ውስጥ ሐበሻ አስተርጓሚ አመጡልኝ። ሽማግሌ ቢጤ ነው፣ ድምፁ ለስለስ ያለ።

"እርሾ ጨምረሽበታል?"

"አዎ።"

"ስኳርስ?"

"አዎ። ጋሼ፣ ግን እኮ ሦስቱም ሱቅ ውስጥ ነው የሚሸጡት! ገብሱም፣ ስኳሩም፣ እርሾውም!"

"ለየብቻቸውማ ማንም አይነካሽም። አንድ ላይ አድርገሽ ከድነሽ አቆይተሻል?"

"ከትናንት መግሪብ ጀምሮ።"

"ታዲያ ምኑ ቀረሽ!" አለና ግንባሩን ያዘ። እያለቀስኩ፣ "ጋሼ፣ እኛ እኮ ሙስሊሞች ነን፣ ዱዓ ላይ ሸሆቹ የሚጠጡት ነው" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። "እህቴ፣ እኔ አምንሻለሁ። ሕጉ የሚጠይቀው ግን አንቺን አይደለም፣ ጄሪካኑን ነው።"

ከዕቃ ቤቱ የቀረውን ወስደው በማሽን መረመሩት። አልኮል አለበት ተባለ፣ ነገሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ የመጣው መርማሪ፣ ዳኛው፣ ሁሉም ስለ አሠራሩ ጠየቁኝ። አንቺ ጠጥተሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ዒዱን እስር ቤት ዋልኩት። አብራኝ የታሰረች አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ከቴምር አረቄ አውጥታ ስትሸጥ ነው የተያዘችው። የእኔን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እኔስ አውቄ ነው፣ ሠርቼበት በልቼበታለሁ። አንቺ ምን ቤት ነሽ?" አለችኝ። ተናድጄ አንድ ቀን ሙሉ ዘጋኋት፤ ግን ብልህ ነበረች፣ ብዙ አገር ሠርታለች። ድንበሩን ተሻግሮ ባለው አገር ሆቴል ውስጥ ለውጭ ሰው በግልጽ እንደሚቀዳ፣ እዚያው አገር ግን መንገድ ላይ ሞቅ ብሎት የተገኘ እንደሚታሰር፣ በሌላው ደግሞ የውጭ ሰው ፈቃድ አውጥቶ እንደሚገዛ ነገረችኝ። "እዚህ ግን አንድ ጠብታ የለም። ይኼንን ሳይጠይቅ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አስፋልት እንደሚያቋርጥ ነው" አለች። እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ትርጉሙ የገባኝ እዚያ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው። ሐራምና ሐላልን የማውቅ ሙስሊም ነኝ፣ የሙስሊም አገር ነው፣ ሕጋቸው ሕጌ ነው ብዬ ነበር። ሃይማኖታችን አንድ ሆኖ ሕጋችን አንድ አልነበረም።

ጥቂት ወራት ካሰሩኝ በኋላ አባረሩኝ። ከሚሴ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። "ዓረብ አገር አረቄ ስትቸረችር ተይዛ" ይላል ወሬው፤ አብራኝ የታሰረችዋን ልጅ ታሪክ እኔን አልብሰውኛል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ገበያ ውስጥ ሻሽና ቀሚስ መሸጥ ስጀምር አንዷ ባለ ሱቅ፣ "ለእኛም እኮ ጠመቅ ብታደርጊልን!" ብላ ስትስቅ ጥቅልሉን ጨርቅ ወረወርኩባት። ሰዎች ገላገሉን። ምላሴም እጄም አላረፉም ያኔ። የሆነው ሆኖ የገበያ ወሬ ያማል እንጂ አይገድልም፤ እኔን የገደለኝ የአባቴ ዝምታ ነበር።

አባቴ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ነው የሚኖሩት። ከከሚሴ በሚኒባስ ሄጄ ደጃፋቸው ስደርስ ግንባሬን ሳሙኝ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ኢንተለ ኮ" አሉኝ። ኢንተለ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው፤ ደስ ሲላቸውም ሲከፋቸውም የሚጠሩኝ እንዲያ ነው። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ ስለዚያ አገር ሙቀት ሁሉ ጠየቁኝ። ስለታሰርኩበት ነገር ግን ትንፍሽ አላሉም። እኔ ራሴ፣ "አባ፣ ያ ነገር እኮ…" ብዬ ስጀምር፣ "ቆይማ፣ በሬዎቹ ማሽላው ውስጥ ገቡ መሰለኝ" ብለው ብድግ ይላሉ። በሬዎቹ በረት ናቸው! ደግሜ ስጀምር ሶላት ደረሰ ይላሉ። ሁለት ዒድ አለፈ እንደዚህ።

ምን ልበላችሁ፣ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ቢገርፉኝም በወደድኩ። እኚህ ሰው መጠጥ የነካ ዕቃ ቤታቸው የማያስገቡ፣ አገር ለምስክርነት የሚጠራቸው ሰው ናቸው። ወሬውን አምነውታል ብዬ ደመደምኩ። በእኔ አፍረው፣ አባትነቱም አላስችል ብሏቸው ዝም ብለዋል ብዬ። ከእሳቸው ቤት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ የቦርከናን ወንዝ ከእነ ሸለቆው እያየሁ የማለቅስበት ጊዜ ብዙ ነበር።

አምና የእናቴን ሰደቃ ልናወጣ ቤተሰቡ አባቴ ቤት ተሰበሰበ። በሬ ታርዷል፣ ዱዓ የሚያደርጉት ሰዎች ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ቀሪቦውን ከማታው ጠምቀውታል። እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ለመቅዳት ወደ በርሜሉ ስጠጋ አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ እጄን ያዘችኝ። "አንቺ ሽንኩርቱን እይ፤ ለዚህ ሌላ ሰው አለ። ሰው እንዳይቀየም ነው፣ አይክፋሽ" አለች በለሆሳስ። ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ።

በእናቴ ሰደቃ! በእሷ ቀሪቦ! ደሜ ፈላ። ሽንኩርቱን ከእነ ቢላው ጥዬ አባቴን ፍለጋ ወጣሁ። ከቤቱ ጀርባ ማሽላው ዳር ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ እንግዶቹን ትተው አየር ሊወስዱ ወጥተው ነው። ሲያዩኝ ሊነሱ ቃጡ።

"አባ፣ ዛሬ አይነሱም!" አልኩ። ድምፄ ዳሱ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። "ዛሬ ቁጭ ብለው ይሰሙኛል። ሰው ያለውን ይበል፣ እርስዎ ግን አባቴ ነዎት። አንድ ቀን እንኳ ምን አግኝቶሽ ነው አይሉኝም? ያሰረኝ ፖሊስ እንኳ ጠይቆኛል እኮ!"

ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። የማሽላ ቅጠል ቀጥፈው በጣታቸው መሰንጠቅ ያዙ። "በይ ንገሪኝ" አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ጨረቃዋ፣ ስለ ፍንዳታው። ገብሱ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

"እሷ የቆላችው ነበር?"

"እሷ የቆላችው። ልደፋው አልቻልኩም አባ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለረጅም ጊዜ ነቀነቁ። እኔ ቀጠልኩ። "ማሽኑ አልኮል አለበት አለ። ይኑረው አይኑረው እኔ አላውቅም፣ ወላሂ አላውቅም።"

"በዚያ ሙቀት፣ ተከድኖ አድሮ ውሎ? ይኖረዋል እንጂ" አሉ ረጋ ብለው። "እናትሽ ለምን ትደፋው ይመስልሽ ነበር?"

ከዳሱ የዱዓው "አሚን" እየተደጋገመ ይሰማል። አባቴ ቅጠሉን ጣሉት። ፊታቸውን ወደ ማሽላው አዙረው፣ እኔን ሳያዩ፣ "ቀምሰሽው ነበር?" አሉኝ።

"አልቀመስኩም። ማታ ገና አልደረሰም ነበር፣ ቀን ደግሞ ፆመኛ ነበርኩ። ጠብታ አፌ አልገባም፣ አባ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ደግመው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ያ ረቢ" አሉና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አባቴን ለእናቴ እንኳ ሲያለቅሱ አላየሁም፤ የዚያን ጊዜ እኔ አልነበርኩም። ያም ሆኖ ንዴቴ አልለቀቀኝም።

"ለዚህች ለአንዲት ጥያቄ ነው ሁለት ዒድ ሙሉ ያቃጠሉኝ? ያን ሁሉ ጊዜ የሰው ወሬ አምነው?"

እጃቸውን ከፊታቸው አነሱ። "የማንን ወሬ?" ብለው ተቆጡ። "የሰው ወሬማ አንድ ቀን አላመንኩም!"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?"

"አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ዋሽተሽኝ አታውቂም" አሉ። "ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"